ጥያቄ አራት

የሰኔ ሙቀት ነው፣ ከሰዓት በኋላ፤
የጋሪው ፈረስም ተጠግቷል ከጥላ።
ከአዳማ በስተላይ ነጫጭ ተርባይኖች
ይዞራሉ በቀስታ፣ እንደ ሰነፍ ቀኖች።
እኔ ከመምህራን ክፍል፣ ከሚያቃስት ማራገቢያ ሥር፣
ሰማንያ ሦስት ወረቀት፣ አንድ ቀይ እስክሪብቶ፣ የተጣመመ ወንበር።

ጥያቄ አራት፦
«አሮጌው ሥርወ መንግሥት የወደቀበትን፣
አዲሱ ቤት ደግሞ ዘውድ የጫነበትን፣
ያንን ጦርነት አብራሩ፤
መንስኤ፣ ሂደት፣ ውጤት።» ዐሥር ነጥብ።

ጥያቄው የእኔ ነው። ሠላሳ አራት ሰኔ
አንድ ቃል ሳልለውጥ አውጥቻለሁ እኔ፤
መልሱንም አውቀዋለሁ እንደ ራሴ ስም፣
በእንቅልፍ ልቤ ብጠየቅ እንኳን አልሳሳትም።

ልጆቹም ያውቁታል፦ ጦሩ ከደቡብ መጣ፣
ሽማግሌው ንጉሥ ከመዲናው ወጣ፣
ገጠመ፣ ተሸነፈ፤ ገጠመና ሸሸ፤
ከቤተ መቅደሱ ሲደርስ ቀኑ መሸ፤
መንበሩን እንዳቀፈ ወጉት በጦር ጫፍ።
ውጤት፦ አዲስ ዘመን። እዚህ ላይ ሙሉ ነጥብ ይጻፍ።

ጎበዞቹ ካርታ ሥለዋል፦
ቀስት በሰማያዊ፣ ቀስት በቀይ፣
በቀስቶቹ መካከል ሰው የሌለበት ነጭ ወረቀት።
አንዱማ ቸኩሎ፣ ሆሄ ተምታቶበት፣
«ውጤት፦ አዲስ ዘመድ» ብሎ ጻፈበት።
ሳቅኩ። አላረምኩትም።
ከድል ማግስት ዘመድ መች ታጥቶ ያውቃል?

ከሥር የኩለኒ ሁንዴ ወረቀት መጣ።
በመስኮቱ በኩል፣ መጨረሻው ረድፍ።
እናቷ ከአንድ ሆቴል ወለል ትወለውላለች፣
እሷም ከትምህርት በፊት ባልዲ ታቀብላለች፤
ወረቀቷ ሳይቀር በረኪና በረኪና ይላል።

«መምህር፣ ሂደቱን አልጻፍኩትም፣ ይቅርታ።
የቸገረኝ ሌላ ነው።
ደም ከድንጋይ ወለል በሙቅ ውኃ አይለቅም፤
ሙቅ ካፈሰሱበት ይጋገራል እንጂ።
ቀዝቃዛ ነው የሚያስለቅቀው፤
ተንበርክኮ፣ ሦስቴ፣ አራቴ።
እና ያን መቅደስ ማን አጠበው?
በማግስቱ ተቀድሶ ነበር?
ስለ ንጉሡ ሲጸለይ ካህኑ የማንን ስም ጠራ፣
ወለሉ ገና እርጥብ ሳለ?
እናቴን ጠየቅኳት። ‹ማን ትሆናለች፣ ያችው ናት እንጂ› አለችኝ።
መጽሐፉን ሁለቴ አየሁት። የለችም።»

መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቆመ።

ያን ጊዜ ናዝሬት ነበረች፤ ግንቦት ሰማንያ ሦስት፤
የፈረሰው ጦር በአስፋልቱ ሲፈስ፣
ክላሽ በሁለት ዳቦ ሲቸረቸር እስከ ቅዳሜ ድረስ።
ጫማውን በእጁ ይዞ የሚሮጥ ሻምበል አይቻለሁ፤
ማዕረጉን ከትከሻው በጥርሱ ሲነቅል።
ዘጠነኛ «ለ» ውስጥ አንድ ቁስለኛ አደረ፤
ሲነጋ ወሰዱት፣ ደሙ ግን ቀረ።
ሰኞ ዳይሬክተሩ «ክፍሉ ይጽዳ፣ ትምህርት ይጀመራል» አሉ።
እትዬ ማንአህሎሽ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ተንበረከኩ፤
በቀዝቃዛ ውኃ። ለምን በቀዝቃዛ እንደሆነ ገና ዛሬ ገባኝ።
እኔ፣ የሃያ ሦስት ዓመቱ የታሪክ መምህር፣
ከጀርባቸው ቆሜ ሰሌዳ ጠረግኩ፤
የቆየውን ቀን አጥፍቼ አዲሱን ጻፍኩ።
«ልጁ ስሙን ነግሮሃል?» አሉኝ፣ ጨርቁን እየጨመቁ።
ያልሰማሁ መሰልኩ።
ጠመኔው ነጭ ነበር። ባልዲው ግን . . .

መብራቱ ተመለሰ፣ ማራገቢያው አቃሰተ።
ውጭ የጋሪው ፈረስ ከጥላው ወጥቷል፤
ማን እንደጫነበት ዞሮ ሳያይ ይሄዳል።
የመልስ ቁልፉ «ዜሮ» ይላል፦ ሂደት የለም፣ ቀን የለም፣ ውጤት የለም።
ከኅዳጉ ላይ በቀይ አንድ ስም ጻፍኩላት፣
ስለ መቅደሱ ሳይሆን ስለማውቀው ወለል፦
ማንአህሎሽ።
ነጥቡን ገና አልሞላሁም።